እስከ ሐጂ ደጅ

ሰኞ

ዛሬም ከመታኋቸው የጎልፍ ኳሶች ሁለቱ ወደ ቀኝ ሄዱ። አንዷ የጎረቤታችንን የእትዬ ዘነበችን እንሰት ቅጠል በስታ አለፈች፤ ቀዳዳው በመቀስ የተቆረጠ ይመስል ክብ ነው። ሌላዋ እዚያው ጓሮ ውስጥ ጠፋች። ፈልጌ ፈልጌ አጣኋት።

ግን አንዷ! አንዷ መሐሉን ይዛ ሄዳ ከእትዬ ዘነበች ደጅ አልፋ ቆመች። ብቻዬን አጨበጨብኩ። ታስራ የምትግጥ ጥጃ ቀና ብላ አየችኝ።

ውድድሩ እሑድ ነው። አዲስ አበባ፣ ካደግሁበት ሰፈር አጠገብ ባለው የጎልፍ ሜዳ፣ የሴቶች የረጅም ምት ውድድር። ለእያንዳንዷ ሦስት ኳስ ይሰጣል። ኳሷ በሁለቱ መስመሮች መካከል ካላረፈች የፈለገውን ያህል ብትርቅ አትቆጠርም። ባለፈው ዓመት ሦስቱንም ከሌሎቹ ሴቶች ሁሉ አርቄ መታሁ። ሦስቱም ውጪ! አንዷማ ጭራሽ መኪና ማቆሚያው ውስጥ ገብታ የሰው መኪና ጣሪያ ላይ ነጠረች። አብራኝ ያደገችው ሄለን «ጉልበት ሰጥቶሽ አቅጣጫ ነሳሽ» አለችኝ። አብሬያት ሳቅሁ። ቤት ገብቼ ግን አለቀስኩ።

ስለዚህ ዘንድሮም ሦስቱም ከወጡ የጎልፍ ዱላዬን ለሚፈልግ ሰጥቼ እገላገላለሁ ብዬ ለባለቤቴ ለደረጀ ቃል ገብቻለሁ። እሱ እንኳ አልጠየቀኝም፤ እኔው ነኝ በንዴት ያልኩት። አንዴ ከአፌ ከወጣ ግን አላጥፈውም። ግትር ነኝ፣ አውቃለሁ።

ወልቂጤ ስፖርት የማስተምርበት ትምህርት ቤት ሜዳው አጭር ነው፤ መስኮትም ይበዛዋል። የቤተ ሙከራውን መስኮት ጉዳይ እዚህ አልጽፈውም። የመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት ሲመጣ ዕቃዬን ጠቅልዬ እምድብር አጠገብ ወዳለው የደረጀ አባት ቤት መጣሁ። አባባ ወልዴ ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው። ደረጀ አዲስ አበባ ሱቁን ትቶ መምጣት ስላልቻለ፣ ምራቲቱ ልትጦራቸው መጣች ተብሎ መንደሩ ሁሉ መረቀኝ። ምርቃቱን ዝም ብዬ ተቀበልኩ። የመጣሁት ግን በዋናነት ለጀፎረው ነው።

መጀመሪያ ያየሁት በሰርጌ ቀን ነው። ከመንደሩ ጫፍ እስከ ጫፍ የተዘረጋ ሰፊ የሣር ጎዳና፣ ግራና ቀኙ የተሰለፉ ጎጆዎች፣ ከጎጆዎቹ ጀርባ እንሰት። ለቅሶው፣ ሰርጉ፣ መስቀሉ፣ ሽምግልናው ሁሉ እዚያ ላይ ነው። ከብት ስለሚግጠው ሣሩ አጭር ነው። ሙሽራ መሆኔን ረስቼ «ይሄማ የጎልፍ ሜዳ ነው!» ብዬ ጮህኩ። ሚዜዬ ቆነጠጠችኝ።

እዚህ ርቀት የምለካው በደጅ ነው። የምመታው ከአባባ ደጅ ነው። እትዬ ዘነበች ደጅ ከደረሰች፣ ደህና። ሐጂ ሸምሱ ደጅ ከደረሰች፣ እሱ የኔ ሕልም ነው፤ አንድም ቀን አልደረስኩም። ከሐጂ ወዲያ ሽማግሌዎች የሚቀመጡበት ትልቁ ዋንዛ አለ። እሱን አላስበውም።

የጎደለኝ መስመር ነው። እዚህ መስመር ስለሌለ ኳሷ ስትወጣብኝ አይታወቀኝም። ስለዚህ ዛሬ አባባ ወልቂጤ ለጉዳይ ሄደው ሳሉ ከባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ችካል ስቆርጥ ዋልኩ። ሰው ሁሉ ከብቱን አስገብቶ ወደ ቤቱ ሲከተት ወጥቼ በሁለት ረድፍ ተከልኳቸው፤ ልክ እንደ ውድድሩ። ሲባጎም ወጠርኩባቸው። ሲያምር! ነገ በማለዳ በመሐሉ ነው የምልካት። እንዲህ ያለ ሐሳብ እስከ ዛሬ የት ነበረ?

ማክሰኞ

እግዚኦ።

የነቃሁት በጩኸት ነው። ስወጣ አባባ ጀፎረው መሐል ቆመዋል፤ ጋቢያቸው ከአንድ ትከሻቸው ወርዷል፤ የነቀሉትን ችካል እንደ ማገዶ ታቅፈዋል። «ጀፎረ ተሸነሸነ! ውጡ! የምን እንቅልፍ ነው!» ይላሉ።

ሰው ከየደጁ ወጣ። ሲባጎውን ያየ ሁሉ አበደ። አንዱ ለባለሀብት ተሰጥቷል አለ። ሌላው ቀያሾች ጨለማን ተገን አድርገው መጥተው ነው አለ። አንዲት ሴት ደግሞ ሰዎቹን በዓይኗ ማየቷን፣ መኪናቸውም ነጭ መሆኑን ተናገረች። ነጭ መኪና! እኔ በእግሬ፣ በነጠላ ጫማ ነበርኩ።

አባባ ለጀፎረው ያላቸውን ነገር ማወቅ ነበረብኝ። የገዛ ወንድማቸው እንኳ አጥሩን አንድ ክንድ ወደ ፊት ቢያወጣ በገመድ ለክተው አስነቅለውታል። ይሄን ደረጀ ስንቴ እየሳቀ ነግሮኛል። የከተማ ልጅ ነኝና ታሪኩን እንደ ቀልድ ሰማሁት እንጂ በጀፎረ ላይ ችካል መትከል ምን ማለት እንደሆነ አንዴም ቆሜ አላሰብኩም። እዚህ አገር ችካል ማለት «ይሄ መሬት የኔ ነው» ማለት ነው።

ከዚያ ዓይን ሁሉ ወደ መንግሥቱ ዞረ። የእትዬ ዘነበች ልጅ ነው። አምና አጥሩን ገፍቶ ተቀጥቷል። አባባ እሱን እሱን እያዩ «ማንም ይሁን ማን! የገዛ ልጄም ቢሆን ዋንዛው ሥር አቆመዋለሁ! አልምረውም!» ብለው በሰው ሁሉ ፊት ማሉ። እትዬ ዘነበች ማልቀስ ጀመሩ። «ልጄ ከቤት አልወጣም፣ ኧረ በማርያም!»

«የኔ ናቸው» አልኩ። ማንም አልሰማኝም።

«ችካሎቹ የኔ ናቸው! ለኳስ ነው!»

አሁን ሰሙኝ። አባባ የታቀፉትን ችካል አንድ በአንድ መሬት ላይ አስቀመጡ። ወርውረውብኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ወደ እኔ ሳያዩ «ነገ፣ ዋንዛው ሥር» ብለው ወደ ቤት ገቡ።

ቀኑን ሙሉ አላናገሩኝም። ምሳ ሳቀርብ ተቀበሉኝ፣ በሉ፣ እጃቸውን ታጠቡ፤ አንድ ቃል የለም። ማታ ግን ለድመቷ «አንቺ፣ ጎመኑ ጨው በዝቶበታል» አሏት።

አፍሬያለሁ። ያፈርኩት ለራሴ አይደለም። ያን ሁሉ ሰው ሰብስበው ሲምሉ የሚምሉት በገዛ ቤታቸው ላይ መሆኑን አለማወቃቸው ነው የሚያሳፍረኝ። ደግሞም ፈርቻለሁ። ነገ ጀፎረው ላይ እንዳትመታ ቢሉኝ እሑድ ምን ይዤ ነው የምሄደው?

ረቡዕ

ሽማግሌዎቹ በሦስት ሰዓት ተቀመጡ። ሐጂ ሸምሱ ዘግይተው መጡና «አሰላሙ አለይኩም» ብለው የዋንዛውን ግንድ ተደግፈው ተቀመጡ። ሐጂ የአባባ የልጅነት ጓደኛ ናቸው። ዕድሜያቸውን በሙሉ ተሟግተዋል፤ ተጣልተው ግን አያውቁም።

አባባ ተነሱ። እኔ ለምነው የሚያስለቅቁኝ መስሎኝ ነበር። «ምራቴ ናት። ከቤቴ ነው የወጣችው። ስለዚህ እኔ ዛሬ ዳኛ አይደለሁም፣ ከሳሽ ነኝ» አሉ። ቀጥለውም «አትማሯት» አሉና ተቀመጡ።

ወይ አባባ! በዚያች ደቂቃ በጣም ተናደድኩባቸው። አሁን ስጽፈው ደግሞ ደስ ይለኛል። ለሰው ልጅ አንድ፣ ለራስ ልጅ ሌላ አላሉም።

እንድናገር ተፈቀደልኝ። ስለ ውድድሩ፣ ስለ መስመሩ፣ ባለፈው ዓመት ስለወጡት ኳሶች ተናገርኩ። ፊታቸው ላይ እንዳልገባቸው አየሁ። አንደኛው ሽማግሌ «ኳሷን ከመታሻት በኋላ ማን ነው የሚመታት?» አሉ። ማንም አልኩ። «ታዲያ ከማን ጋር ነው የምትጫወቺው?» ይሄ ጥያቄ እስካሁን ያስቸግረኛል።

ሐጂ «ወላሂ እኔ አልገባኝም። ትምታና እንይ» አሉ።

ዱላዬን አመጣሁ። ከዋንዛው ወደ አባባ ደጅ አቅጣጫ ልመታ ቆምኩ። ከኋላዬ የመንደሩ ሰው በሙሉ፣ ችካል የለም፣ ሲባጎ የለም። መታሁ። ቀጥ ብላ ሄደች! እንደዚያ ቀጥ ብላ ሄዳ አታውቅም። ብዙ ባትርቅም መሐል ለመሐል ነበረች። ሐጂ «ማሻአላህ!» ብለው ተነሱ። ያው ሽማግሌ ግን ዱላውን ሲከታተሉ ስለነበር «የት ሄደች?» እያሉ መሬቱን ያያሉ።

በዚህ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ሐጂ ጎንበስ ብለው ኳሷ የነበረችበትን ነገር ከሣሩ ነቀሉ። ቲ ይሏታል፤ ጣት የማታህል፣ ኳሷን ከመሬት ከፍ አድርጋ የምትይዝ እንጨት። «ይቺስ?» ብለው ለአባባ ሰጧቸው።

አባባ አገላበጧት። «ጫፏ ሾሏል። መሬት ትገባለች። ተተክላ ትቆማለች። ትንሽ ስለሆነች ችካልነቷ ይቀራል?»

በዚህች እንጨት ላይ የተከራከሩት ከችካሎቹ ሁሉ ይበልጣል። ሐጂ የጥርስ መፋቂያም እንደዚያው ነው አሉ። አባባ መፋቂያ መሬት ውስጥ ተክሎ የሚሄድ ሰው አሳየኝ አሉ። ሁለቱ ጨርሰው እኔን ረሱኝ።

በመጨረሻ ፍርዱ ይሄ ሆነ። የችካል ጉድጓዶቹን ሁሉ ሣር ካለው አፈር ጋር እኔው ራሴ እደፍናለሁ። እትዬ ዘነበችንና መንግሥቱን ቤታቸው ሄጄ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ማለዳ ከብት ሳይወጣ መምታት ይቻላል። ነገር ግን ጀፎረው ላይ ምንም ነገር አይተከልም፤ ትልቅም ትንሽም፣ ለአንድ አፍታም ቢሆን።

ከሰዓት ስደፍን ዋልኩ። ወገቤ ተቆረጠ። አመሻሽ ላይ እትዬ ዘነበች ቤት ሄድኩ። ይቅርታዬን ሳልጨርስ አቅፈው አስቀመጡኝና ቆጮና አይብ አቀረቡልኝ። ከዚያ ወደ ጓዳ ገብተው የጠፋችውን ኳሴን ይዘው ወጡ። «ዶሮዋ ሥር ነው ያገኘሁት፤ ታቅፋው ነበር» አሉኝ። መንግሥቱ ስቆ ስቆ ሊሞት። ታረቅን።

ሐሙስ

መምታት ተፈቅዶልኛል፤ ኳሷን ግን ምን ላይ ላስቀምጣት?

መጀመሪያ እንዲሁ ሣሩ ላይ አስቀምጬ መታሁ። ዱላው መሬቱን ገመሰው! መዳፍ የሚያህል ሣር ከነአፈሩ ተገንጥሎ በረረ። ግራ ቀኝ አይቼ እየሮጥኩ ሄጄ አነሳሁት፤ ቦታው መልሼ በተረከዜ ረገጥኩት። ልቤ ሌባ እንደሆንኩ ያህል ይመታ ነበር።

ቁጭ ብዬ ሳስብ አጠገቤ ባዶ የውኃ ጠርሙስ ነበር። አንገቱን በቢላ ቆረጥኩት። አፉን ወደ ላይ አድርጌ ሣሩ ላይ አቆምኩት፤ ኳሷ ልክ እንደተሠራላት ተቀመጠችበት። አልተተከለም። ተቀምጧል። ማንም ሊከሰኝ አይችልም!

የመጀመሪያው ምት ላይ ጠርሙሱ ከኳሷ ርቆ ሄደ። ሁለተኛውም እንደዚያው። ቲ ላይ ሆኖ ይሄ አይታወቅም ነበር፤ እንጨቷ ተተክላ ስለምትቆም ጥፋቴን ትሸፍንልኛለች። ለካ እኔ ስንት ዓመት ኳሷን ከላይ ወደ ታች ስቀጠቅጣት ነው የኖርኩት። ጠርሙሱ እንዳይወድቅ ከተፈለገ ዱላው ዝቅ ብሎ አልፎ ወደ ላይ ሲነሳ ነው ኳሷን ማግኘት ያለበት። ስለዚህ ኳሷን ወደ ግራ እግሬ አስጠጋሁ። ደረቴን ከኋላዋ አስቀረሁ። ጠራርጌ ወደ ላይ።

ድምፁ ተለየ። ጠርሙሱ ቆሞ ቀረ፤ ኳሷ ብቻ ሄደች። እንዲያ ከፍ ብላ በርራልኝ አታውቅም። ከእትዬ ዘነበች ደጅ በጣም አልፋ ወረደችና ደግሞ ተንከባለለች። ደረቅ ሣር ነው፤ ያንከባልላል። ቆሜ ቀረሁ። እንባዬ መጣ፤ ምን እንደሚያስለቅስ እንጃ።

ሌላም ነገር ተማርኩ። ችካሎቹ በነበሩበት ጊዜ (ለአንድ ሌሊት ቢሆንም) በልቤ የማየው እነሱን ነበር፤ «እዚያ እንዳትሄድ፣ እዚያ እንዳትሄድ» እያልኩ። ውድድሩም ላይ የማየው መስመሩን ነበር። ኳስ ደግሞ ወደምታዪው ነው የምትሄደው። ዛሬ የማየው ስላልነበረ ዋንዛውን አየሁ። በስተግራው እንደ ታጠፈ ክንድ ያለ አንድ ደረቅ ቅርንጫፍ አለው። እሱን ብቻ። ግራ የለም፣ ቀኝ የለም፣ ያ ቅርንጫፍ ብቻ።

ለማንም አልነገርኩም። የምነግረውም የለኝ። አባባ አሁንም የሚያወሩት ለድመቷ ነው።

ዓርብ

ነፋስ ነበረ። የመጀመሪያዎቹ ሁሉ ተበላሹ። ተናድጄ ዱላውን ጨብጬ ስይዘው ባሰ። ከዚያ ተቀምጬ ውኃ ጠጣሁ፤ ጫጩት እንደምይዝ ላላ አድርጌ ያዝኩት። ሄደች። ጉልበቴን ስቀንስ ርቀቱ ይጨምራል። ለተማሪዎቼ ይሄን ብነግራቸው የሚያምነኝ የለም፤ እኔም አላምንም ነበር።

ከምቶቹ ሁሉ የተሻለችው ከእትዬ ዘነበች አልፋ ወደ ሐጂ እየተጠጋች ነው የቆመችው።

ማታ እራት ላይ ነበርን። አባባ ቆጮውን ቆርሰው፣ አላምጠው፣ ውኃ ጠጥተው፣ ድመቷን ሳያዩ፣

«እስከ ማን ደጅ?» አሉ።

ከማክሰኞ ወዲህ ለእኔ የተናገሩት የመጀመሪያ ቃል ነው።

«ከእትዬ ዘነበች አልፋ፣ ሐጂ ጋ ሳትደርስ፣ አባባ።»

«ሳትደርስ?»

«ሳትደርስ።»

«እህ» አሉና መብላታቸውን ቀጠሉ።

በቃ ይሄው ነው። በደስታ እንቅልፍ አልወስድ ብሎኝ ነው ይሄን የምጽፈው።

ቅዳሜ

ማለዳ ልሄድ ስነሳ አባባ በሩ ላይ ቆመው ነበር። አንድ ፌስታል ሰጡኝ። ስከፍተው የጠርሙስ አንገቶች ናቸው። ሦስት። አንዱ ከአንዱ አይበላለጥም፤ የተቆረጠበት ጠርዝ በእሳት ተለብልቦ ለስልሷል።

«ያንቺ ጠማማ ነበር» አሉ። «ጠማማ ላይ ተቀምጦ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ነገር የለም።»

ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል ትከሻዬን ይዘው አነሱኝ። «ሂጂ፣ መኪና ያመልጥሻል።»

ከእምድብር ወልቂጤ፣ ከወልቂጤ አዲስ አበባ። ዱላውን በነጠላ ጠቅልዬው ነበር። ረዳቱ «ኧረ እህቴ፣ ይሄ ነገር ምንድነው፣ ማንን ልትደበድቢ ነው?» አለ። መኪናው ውስጥ ያለ ሁሉ ሳቀ። ውድድር ላይ ያሉ ሴቶችን ልደበድብ ነው አልኩት።

ደረጀ ከመናኸሪያ ተቀበለኝ። የችካሉን ታሪክ ሙሉውን ነገርኩት። ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት መኪናውን ዳር አቆመ። ስለ ጠርሙሶቹ ስነግረው ግን አልሳቀም። «አባባ? በእጃቸው?» ብሎ አንዱን ተቀበለኝና እስክንደርስ ድረስ በእጁ ይዞት ቆየ።

እሑድ

ደብተሩን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ነው የምጽፈው፤ ጽሑፌ ባያምር አይፈረድብኝም።

ሜዳው ላይ ስደርስ መጀመሪያ ያየሁት ችካሎቹን ነው። ነጭ፣ በሁለት ረድፍ፣ ገመድ የተወጠረባቸው። አባባ ቢኖሩ ሁሉንም ነቅለው ታቅፈው ይቆሙ ነበር ብዬ ሳቅ መጣብኝ። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም።

የጠርሙሱን አንገት ሳወጣ ሰው ተንሾካሾከ። ዳኛው መጥቶ አየው፣ አገላበጠው፣ ፈገግ ብሎ ተወኝ። ሄለን «ከገጠር ምን ይዘሽ መጣሽ?» አለችኝ። ታያለሽ አልኳት። ትዕቢት ነው። ወዲያው ተቀጣሁበት።

የመጀመሪያዋ ወጣች። ወደ ቀኝ፣ እንደ አምናው። ዓይኔ ችካሎቹ ላይ ነበር።

ሁለተኛዋ ወደ ግራ። ቀኙን ስሸሽ። ደረጀ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ፤ አየሁት፤ ባላየው ደስ ባለኝ።

አንዲት ኳስ ቀረች። ሦስተኛውን አንገት ሣሩ ላይ አስቀመጥኩ። ቀጥ ብሎ ቆመ። ኳሷን አስቀመጥኩ። ዋንዛዬን ፈለግሁ። ዋንዛ ከየት ይምጣ! ከሜዳው ማዶ ግን አንድ ቤት ጣሪያ ላይ ጥቁር የውኃ ሮቶ አለ። እሱን ያዝኩ። ነጩ ነገር ሁሉ ከዓይኔ ጠፋ። ሮቶው ብቻ። እጄን ላላ አደረግሁ። ጠራርጌ ወደ ላይ።

ድምፁን ስሰማ አወቅሁ። ኳሷን ሳላያት አወቅሁ።

መሐል ለመሐል! የሚለካው ልጅ ሮጦ ሄዶ ባንዲራ አነሳ። እስከዚያ ድረስ ከመቱት ሁሉ እሷ ነበረች የራቀችው። ጮህኩ። ዕድሜዬንም ሥራዬንም ረስቼ ዘለልኩ። ከኔ ኋላ አንዲት ቀጭን ልጅ መጥታ አለፈችኝ፤ ደህና አድርጋ አለፈችኝ፤ ሄጄ አቀፍኳት። ሁለተኛ ወጣሁ። አምና ከማይቆጠሩት ነበርኩ፣ ዘንድሮ ሁለተኛ! ዱላው የትም አይሄድም።

ሄለን የጠርሙሱን አንገት አንስታ እያገላበጠች «አንዱን ስጪኝ» አለች። አልሰጥም አልኳት። ይሄን የሠራው ሰው ሌላ እስኪሠራልኝ ድረስ አልሰጥም።

አባባ ዘንድ ደወልን። ሃሎ ሳይሉ፣

«እስከ ማን ደጅ?»

«ሐጂ ደጅ ነው አባባ! ከሐጂ ደጅም ትንሽ ታልፋለች!»

«ሐጂ ደጅ ሩቅ ነው» አሉ።

«አውቃለሁ። በሜትር ለክተዋታል።»

«እኔ ሜትር አላውቅም። መጥተሽ እዚህ አሳዪን» አሉና ዘጉት።

ሰኞ

መንገድ ላይ ዋልኩ። ከወልቂጤ በኋላ እንቅልፍ ወስዶኝ እምድብርን ላልፍ ነበር።

ስደርስ መሽቷል። እትዬ ዘነበች ከሩቅ እልል አሉልኝ። መንግሥቱ ዕቃዬን ተቀበለኝ። አባባ እንኳን ደህና መጣሽ ብለው ግንባሬን ሳሙኝና ስለ ውድድሩ አንዲት ነገር ሳያነሱ ስለ ጥጃዋ ያወሩ ጀመር። ልተኛ ስነሳ ብቻ «ነገ በማለዳ» አሉ።

ትንሽ ፈርቻለሁ። እዚያ የለኩልኝ በሜትር ነው፤ እኔ ነኝ በግምት ወደ ደጅ የመለስኩት። ባትደርስስ?

ማክሰኞ

ስነቃ የአባባ አልጋ ባዶ ነው። ዱላዬን ይዤ ወጣሁ። ጉም ነበረ፤ ቀስ እያለ ሲገፈፍ ጀፎረው ላይ፣ ከሐጂ ደጅ ትንሽ ወዲያ፣ መሐል ለመሐል አንድ ነጭ ነገር ቆሟል። ችካል መስሎኝ ደነገጥኩ። አባባ ናቸው። ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው፣ ወደ እኔ ዞረው ቆመዋል። ሐጂ ደጃቸው ላይ በርጩማ አውጥተው ተቀምጠዋል።

«አባባ! ዞር ይበሉ!»

«ምን አልሽ?»

«ዞር ይበሉ! እመታዎታለሁ!»

«አይተከል ነው የተባለው! ሰው አይቁም አልተባለም!» ድምፃቸው ጀፎረውን ሞላው። ሐጂ በርጩማቸው ላይ እየተንቀጠቀጡ ሲስቁ ከዚህ ይታየኛል። «አንቺ ብቻ ምቺ! እኔ ጋ አትደርስም!»

እዚያ ጋ ተናደድኩ። አትደርስም? ደግሞም በጣም ፈራሁ። አምና ቢሆን አልፈራም ነበር፤ ኳሴ ወዳልኳት ሄዳ አታውቅምና ከሁሉ የተሻለው መጠጊያ እሳቸው የቆሙበት በሆነ። አሁን ግን ወዳልኳት ትሄዳለች። ይሄን ሳስብ፣ ፍርሃቴ ውስጥ፣ እንዴት እንደኮራሁ ልነግር አልችልም። ስለዚህ ከራሳቸው በላይ ያለውን የዋንዛውን ደረቅ ቅርንጫፍ ያዝኩ። የመጀመሪያዋን ሆን ብዬ አሳጠርኳት።

«ሳትደርስ!» አሉ ከወዲያ፤ ደስ ብሏቸዋል።

ሁለተኛዋን ግን አላሳጠርኩም። የጠርሙሱን አንገት ሣሩ ላይ አቆምኩ። እጄን ላላ አደረግሁ። ጠራርጌ ወደ ላይ። ሄደች። ከእትዬ ዘነበች ደጅ በላይ አለፈች፣ ወረደች፣ ነጠረች፣ ተንከባለለች፣ ተንከባለለች። ሐጂ ከበርጩማቸው ተነሱ።

«ደጄ ደረሰች! ወላሂ፣ ወልዴ፣ ደጄ ደረሰች!»

አባባ ኳሷን አዩ። የሐጂን ደጅ አዩ። እንደገና ኳሷን አዩ። ምርኩዛቸውን ዘርግተው ከእግራቸው እስከ ኳሷ ለኩ፤ ሁለት ምርኩዝ አይሞላም። ከዚያ ጋቢያቸውን አጣፉ፤ ፊታቸውን ከእኔ ሳያዞሩ፣ በእርምጃ እየለኩ፣ ወደ ኋላ ሄዱና እንደገና ቀጥ ብለው ቆሙ።

ሰኞ ትምህርት ቤት ይከፈታል። እስከዚያ የት ድረስ እንደሚሄዱ እንጃ። ከኋላቸው የቀረው ዋንዛው ብቻ ነው።